ልጆቻችንን አረብኛ የሚያስተምረው ጨዋታ ፊደላችንን ይወቅልን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ዓምድ አንድ አባት፣ ልጃቸው በሚማርበት ትምህርት ቤት አረብኛ በስልክ ጨዋታ መሰጠት መጀመሩን ተቃውመው የጻፉትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሊፍ፣ የአረብኛ የመጀመሪያው ፊደል፣ የሚወሰደው ከሸህ አፍ ነው እንጂ ከጭራቅ አፍ አይደለም ማለታቸው ከልቤ አልጠፋም። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች አረብኛ አስተምራለሁ። ያንን ልጆች ፊደል የሚያጎርሱትን የስልክ ጨዋታ ጭራቅ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ውሏል። የሚበጅበትንም የማይበጅበትንም አይቻለሁና ለእርሳቸውም ለሌሎች ወላጆችም ያየሁትን ልንገር።

በመጀመሪያ እኔ ራሴ በሉህ፣ ቁርአን በሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ፣ የተማርኩ ነኝ። ጥላሸት በውሃ ተበጥብጦ ቀለም ይሆናል፣ ሸምበቆ ተቀርጾ ብዕር ይሆናል፣ ሸሁ በእንጨቱ ላይ የጻፉልንን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቀራለን (እናነበንባለን)፣ ሲያዝልን ሉሁን አጥበን ሌላ እናስጽፋለን። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ብዙ ሱራ (የቁርአን ምዕራፍ) በቃሌ ይዤ ነበር። ዓይኔን ሉሁ ላይ ተክዬ ስቀራ ለሚያየኝ ሁሉ አንባቢ ነበርኩ፤ ለራሴም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው ጣቱን ከመስመሩ መሃል በአንዱ ቃል ላይ አሳርፎ ይህ ምን ይላል ቢለኝ ግን ከሱራው መጀመሪያ ተነሥቼ ካልተንደረደርኩ በቀር ቃሉ ዘንድ አልደርስም። ሸሁን አልወቅስም። አደቡንም፣ ድምፁንም፣ ቃሉን ማክበርንም የሰጡኝ እርሳቸው ናቸው። ማንበብ አለመቻሌን ግን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ያወቅኩበትም ቦታ ክፉ ቦታ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ወደ ጅዳ በኮንትራት ልሄድ ስል፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ውስጥ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ፊቴ አኖሩልኝ። አሊፉ አሊፍ ነው፣ ላሙ ላም ነው፣ ሚሙም ሚም ነው፤ አንድ በአንድ ለየኋቸው። ተያይዘው ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም። ፈረምኩ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ደመወዝ በቃል ከተነገረኝ ያነሰ መሆኑን የሰማሁት ሦስት ወር ከሠራሁ በኋላ ነው፤ ያነበበችልኝም የጎረቤት ቤት ሠራተኛ የሆነች ሱዳናዊት ናት። ያን ቀን የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ብዙ ሱራ በቃሌ የያዝኩ ልጅ የራሴን ደመወዝ ማንበብ አልቻልኩም።

የማዳሜ ትንሽ ልጅ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ልትገባ ስለሆነ ታብሌት ላይ የፊደል ጨዋታ ጫኑላት። እኔ ልብስ ስተኩስ እርሷ ከእግሬ ሥር ምንጣፍ ላይ በደረቷ ተኝታ ትጫወታለች። ፊደላቱ በፊኛ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ፣ ድምፅ ይጠራል፣ የተጠራውን ፊደል የያዘውን ፊኛ በጣት መንካት ነው። ብቻዋን መጫወት ስለሰለቻት ነይ አንቺም ንኪ አለችኝ። ነካሁ፤ ተሳሳትኩ። ፊኛው ሳይፈነዳ ዝም ብሎ አለፈ፣ ድምፁም እንደገና ጠራ። ያ ሁሉ ነው የሆነው። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልሳቀም፣ ወደ መስመሩ መጀመሪያም አልተመለስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ስትተኛ ታብሌቱን ቻርጅ ላደርግ እያልኩ ወስጄ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፁን ቀንሼ እጫወት ነበር። አንድ ጠዋት ከማቀዝቀዣ የወተት ካርቶን ሳወጣ እጄ ላይ ያለው ጽሑፍ በራሱ አፍ አውጥቶ ያናገረኝ መሰለኝ፤ ሐሊብ ይላል። ከሱራ ውጪ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው የአረብኛ ቃል ይህ ነው። በግዕዝም ወተት ሐሊብ እንደሚባል የነገረኝ የአማርኛ መምህር ባልደረባዬ ነው፤ ያን ጠዋት ባውቀው ኖሮ ደስታዬ እጥፍ በሆነ ነበር።

ለእኚያ አባት መጀመሪያ ልነግራቸው የምፈልገው ይህንኑ ነው። ጨዋታው የሰጠኝ ሸሁ የሰጡኝን አይደለም። ሸሁ ድምፁን ሰጡኝ፤ ጨዋታው ደግሞ ፊደሉን ከዜማው ነጥሎ፣ አንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ መሃል ላይ እያደረገ፣ መቶ ጊዜ ጠየቀኝ። ሃምሳ አራት ልጅ የያዘ መምህር ለአንድ ልጅ መቶ ጊዜ መጠየቅ አይችልም። ቢችልም፣ ልጁ በጓደኞቹ ፊት መቶ ጊዜ መሳሳት አይችልም።

በ2010 ዓ.ም. አገሬ ተመልሼ ነሕውና ሶርፍ፣ ማለትም የአረብኛ ሰዋስው፣ ቁጭ ብዬ ተማርኩ፤ ከዚያም ማስተማር ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ ያሉን ስልኮች ሦስት ናቸው፦ የእኔ፣ ወንድሜ ሲቀይር የሰጠኝና አንዲት ወላጅ መስታወቱ ተሰንጥቆ የለገሱን። ጨዋታዎቹን የመረጥኩት በነጻ ስለሚገኙ ነው። ታሪካቸውን ብዙ ሰው አያውቅምና ልንገራችሁ። የሶሪያ ጦርነት ልጆችን ከትምህርት ገበታ ሲያፈናቅል፣ የኖርዌይ መንግሥት በፈረንጆቹ 2016 ለሶሪያ ሕፃናት አረብኛ ማንበብን የሚያስተምር የስልክ ጨዋታ ለሚሠራ ውድድር አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሁለት አሸነፉ። አንደኛው አንቱራ የሚባል ውሻ ነፍስ ዘርተው የሚሯሯጡ ፊደሎችን የሚያባርርበት ነው። ሌላው ፊድ ዘ ሞንስተር ሲባል፣ ልጁ የተጠራውን ፊደል በጣቱ እየጎተተ የተራበውን ጭራቅ ያጎርሰዋል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ በእኛ ክፍል ጭራቁ አንድም ቀን ጦሙን አላደረም።

ልጅ በተራው አሥር ደቂቃ ይጫወታል፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሌላው ጊዜ ሰሌዳና ደብተር ነው። ውጤቱን በመጀመሪያው ወር አየሁት። ዝም የሚሉት፣ ኋላ የሚቀመጡት፣ ስማቸውን ስጠራ አንገታቸውን የሚደፉት ልጆች ናቸው ቀድመው የተለወጡት።

አሁን የማይበጅበትን ልናገር። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ይበልጡን ለዚህ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ያለ አንድ ጎበዝ ልጅ አለኝ። አማርኛ አንደኛ ነው፤ ፊደል ገበታውን ከነዲቃላው እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ጨዋታው ላይ ዐይን የተባለው የአረብኛ ፊደል በቃል መሃል ሲመጣበት ሁልጊዜ ይሳሳታል። ዐይን ለብቻው ሲጻፍ አፉን የከፈተ ጭንቅላትና ወደ ታች የተጠቀለለ ረጅም ጭራ አለው። ቃል ሲጀምር ጭራው ይቀራል፤ መሃል ሲገባ አፉ ይገጠምና ትንሽ ቋጠሮ ይሆናል። ልጁ ቋጠሮውን አይቶ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ኡስታዛ፣ ይሄ የዐይን ካዕቡ ነው ሣልሱ?»

መልስ አጣሁለት። ቤቴ ገብቼ ማታ ሳስበው ነው የገባኝ። ልጁ የተሳሳተው ስለሰነፈ አይደለም፤ የእኛን ፊደል በደንብ ስለሚያውቅ ነው። በእኛ ፊደል በ እጅ ሲያወጣ ቡ ይሆናል፣ እግር ሲያወጣ ቢ ይሆናል። መልኩ ከተለወጠ ድምፁ ተለውጧል ማለት ነው። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ቤት ተምሮ 231 መልክ በዚህ ሕግ ጭንቅላቱ ውስጥ አስገብቷል። አረብኛ ደግሞ ተቃራኒው ነው። 28ቱ ፊደላት መልካቸውን የሚለውጡት እንደ ቆሙበት ቦታ ነው፤ ድምፁን የሚለውጠው ከላይና ከታች የምትጣል ሐረካ ናት፤ እርሷም በመጽሐፍና በጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ አትጻፍም። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው ደግሞ ከተከታያቸው ጋር አይያያዙም። ይህን ሁሉ የኛ ልጅ ሲያይ «ስንተኛው ነው?» ብሎ መጠየቁ ትክክል ነው። በማግስቱ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን የበን ሰባት ቤት፣ በሌላው የባን አራት መልክ ጻፍኩና፣ በዚህኛው አገር ልብስ የሚቀየረው ሰውየው ሲለወጥ ነው፣ በዚያኛው አገር ሰውየው ያው ሆኖ ወንበር ሲቀይር ነው አልኳቸው። ልጁ «አሃ!» ያለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በዐይን አልተሳሳተም።

ጭራቁ ግን ይህን ሊነግረው አልቻለም። የተሳሳተውን ፊደል ሲያጎርሱት መክፋቱን ያሳያል እንጂ ልጁ ለምን እንደተሳሳተ አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም፤ የተሠራው ለሶሪያ ልጅ ነውና። የሶሪያ ልጅ ቋንቋውን ከእናቱ ጋር ሲያወራ ያደገ ነው፤ የጎደለው ፊደሉ ብቻ ነው። የኛ ልጅ ፊደል መቁጠር ያውቃል፤ የጎደለው ቋንቋው ነው።

የቃላቱ ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ ቀን ከአንዱ ስልክ ዙሪያ ያሉት አምስት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ምንድን ነው ብዬ ብጠጋ የድመት ሥዕል ነው፤ ድምፁ ደግሞ ቂጣ ይላል። በአረብኛ ሴት ድመት እንዲያ ነው የምትባለው። የአረብኛው ጧ ለልጆቹ ጆሮ ያው የኛ ጠ ነው። ጠዋት ቂጣ በሻይ በልቶ የመጣ ልጅ ድመት ቂጣ ስትባል ቢስቅ ምን ይፈረድበታል? በሌላ በኩል ልጆቹ ሳያውቁት ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ስንት ቃል አለ! ደፍተር ደብተር ነው። ወረቃ ወረቀት ነው። ሱቅ ሱቅ ነው፣ ሩዝ ሩዝ ነው፣ ሱከር ስኳር ነው። በይት ቤት፣ ረእስ ራስ፣ ሰማእ ሰማይ፣ ጀመል ግመል ነው። እነዚህን ቃላት በመጀመሪያው ቀን ብታስይዙት ልጁ እናቱ ዘንድ ሮጦ ሄዶ አረብኛ እችላለሁ ይላል፤ እውነቱንም ነው። እኔ ካየኋቸው ጨዋታዎች አንዱም በዚህ አይጀምርም። እንዴት ይጀምራል? የሠሩት ሰዎች አማርኛ አያውቁም።

ድምፅን በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ ከእኚያ አባት ጋር ነኝ። መኽረጅ፣ ማለትም እያንዳንዱ ድምፅ ከአፍና ከጉሮሮ የሚወጣበት ቦታ፣ ከሰው አፍ ካልሆነ አይያዝም። ስልኩ ይናገራል እንጂ የልጁን አፍ አያይም። አንዲት ተማሪ ብዙ ደረጃ አልፋ መጥታ ሐ እና ሃን፣ ዐይንና ሀምዛን በአፏ ስጠይቃት ሁለቱንም አንድ አደረገቻቸው። በአማርኛ ዐ እና አ፣ ሐ እና ሀ በጽሕፈት ቀሩ እንጂ በድምፅ ተቀላቅለዋል፤ ከስልክ ድምፅ ማውጫ ቢሰሙትም ጆሮ የለመደውን ነው የሚሰማው። በዚህ ጉዳይ የረዳችኝ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የአፋር ልጅ ናት። በአፋርኛ የሐም የዐይንም ድምፆች በየቀኑ ያሉ ናቸው፤ የሕዝቡ ስም ራሱ በአፋሮች አፍ በዐይን ነው የሚጀምረው። ልጅቷ አማርኛዋ ገና ስለሆነ በሌላው ትምህርት ወደ ኋላ የምትል ነበረች። አንድ ቀን ፊት አውጥቼ የራስሽን ሕዝብ ስም ጥሪልን አልኳት። ጠራች። ከጉሮሮዋ ጥልቅ የወጣው ዐይን ክፍሉን ጸጥ አደረገው። አሁን በረድፉ መሃል እየዞረች እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ታሳያቸዋለች፣ እነርሱም በጉሮሯቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ይከተሏታል።

እኚያ አባት የሚያሳስባቸው የቃሉ ክብርም እንደሆነ ይገባኛል። በእኛ ክፍል የቁርአን አንቀጽ በጨዋታ ውስጥ አይገባም። ጭራቁ የሚጎርሰው ፊደልና የገበያ ቃል ነው። ቁርአኑ በውዱእ (ታጥቦ ነጽቶ)፣ በሰዓቱ፣ ከኡስታዙ ፊት ነው። ይህን ድንበር የሚጥስ ጨዋታ ቢመጣ እኔም አብሬያቸው እቃወማለሁ።

ሌላም ወቀሳ ይደርስብኛል፤ ደግሞ ከወላጆች። ልጆቹን በተለይ ሴቶቹን ለአረብ አገር እያዘጋጀሻቸው ነው ይሉኛል። ይህ ቃል ያመኛል። ከአካባቢያችን ስንት ልጅ እንደሄደ የማያውቅ የለም፤ አረብኛ ተምረው አይደለም የሄዱት። ሳያውቁ ነው የሄዱት፣ እንደ እኔ ሳያነቡ ነው የፈረሙት። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ሳያውቁ ሕፃን ሲያስታምሙ ሌሊት ያነጉ እኅቶች አውቃለሁ። ልጆቼ ኮምቦልቻ ተቀምጠው ቢያረጁ ደስታዬ ነው። ከሄዱ ግን ወረቀታቸውን ራሳቸው አንብበው፣ ደመወዙ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ይህ ከነገራችሁኝ አይገጥምም ብለው መመለስ የሚችሉ ይሁኑ።

ስለዚህ ጨዋታው ይቅር አልልም፤ ይሠራልን እላለሁ። የሁለቱም ጨዋታዎች ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ፊድ ዘ ሞንስተር እስካሁን ወደ በርካታ ቋንቋዎች ተቀይሯል። እኛ የምንፈልገው ትርጉም ብቻ አይደለም። አማርኛ አፉን ለፈታና በግዕዝ ፊደል ማንበብ ለጀመረ ልጅ አረብኛን የሚያስተምር ጨዋታ ነው። ከደብተርና ከሱቅ የሚጀምር፣ ፊደሉ ወንበር ሲቀይር ልጁ እያየው ልብሱ የሚለወጥ፣ ዐይንን ከአሊፍ ሲያምታታ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ የሚያሳየው፣ ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍ የለመደች ጣት ወደ ሌላው አቅጣጫ እስክትለምድ የሚታገሣት። እንግዳ ነገር አይደለም። የወሎ ዑለማዎች እነ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር የአረብኛን ፊደል ወስደው በአጀሚ፣ ማለትም ሌላ ቋንቋን በአረብኛ ፊደል በመጻፍ፣ የአማርኛ መንዙማ ሲጽፉበት፣ አረብኛ ለሌለው ድምፅ ሁሉ መላ እየፈለጉለት ነው። ፊደሉን እንደመጣ አልተቀበሉትም፤ ለእኛ ጆሮ አስተካከሉት።

እዚሁ ከተማችን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። በየዓመቱ ኮምፒውተር ተምረው የሚመረቁ ልጆች የመመረቂያ ሥራ ሲፈልጉ አያለሁ። ኮዱ ከነጻው ላይ ይገኛል፤ የሚጎድለው የኛ ልጆች የት ላይ እንደሚሳሳቱ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን ስሕተት ከነቀኑ በሃምሳ ሉክ ደብተር መዝግቤያለሁ፤ አሁን ሁለተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ባ፣ ታ፣ ሣ፣ ኑንና ያ በቃል መሃል ሲገቡ በነጥብ ብቻ ስለሚለዩ ስንት ጊዜ እንደተምታቱ፣ ዛልን፣ ዛይንና ዟን ማን ሁሉንም ዘ እንዳለ፣ ካዕቡ ነው ሣልሱ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ከሰባት ሌሎች ልጆች አፍ መውጣቱ ሁሉ ተጽፏል። የልጆቹ ስም የለበትም። መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ቢገኝ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢጠይቀኝ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከዙሁር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ክፍል መጥቶ ከልጆቹ አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። እኚያ አባትም ቢመጡ ወንበር አለን፤ የአፋሯን ልጅ ዐይን በጆሯቸው እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአረብኛ ቋንቋ መምህርት፣ ከኮምቦልቻ